የፍራሽ ሰፊዋ እንግዶች

ርክክቡ የተፈጸመው አውቶቡስ መናኸሪያው መሐል፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው።

ጫማ ሰፊው በጋዜጣ የጠቀለለውን ዕቃ በሁለት እጁ አቀበላት። አዲስ የተሰፋ የሴት ነጠላ ጫማ ነው። ጋዜጣው ሳይቀር ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል።

«ለእህቴ ነው» አላት። «ፍራሽ ሰፊዋ የት ናት ብላችሁ ብትጠይቁ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል። እሷ ቤት ሳታድሩ ብታልፉ ግን ተቀያየምን!»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!» አለች እየሳቀች።

ከኋላዋ ባሏ ቦርሳቸውን ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ ያቀብላል።

ባሏ አይደለም።

የላካቸው የስለላ ቢሮ እሷን «ድር»፣ እሱን «ማግ» ብሎ ሰይሟቸዋል። ብርቱካን ሻጯ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን የሚያየው ባለኮፍያም የእነሱው ሰው ነው። ኮፍያውን አወለቀ፣ አራገፈ፣ መልሶ ደፋው። የሚከተላቸው የለም ማለት ነው። አውቶቡሱ ሲነሳ ጫማ ሰፊው እጁን እያውለበለበ ቀረ። ምስኪን፣ የእህቱን በር በገዛ እጁ ከፍቶ ሰጣቸው፤ እሱ የሚያውቀው ስጦታ መላኩን ብቻ ነው።

አገር ለማየት የወጡ ባልና ሚስት ሆነው ድንበሩን ከተሻገሩ ወራት አልፈዋል። ቦርሳ አዝለው በእግር ይሄዳሉ፣ ሲደክማቸው የጭነት መኪና ለምነው ይሳፈራሉ፣ ዝናብ ሲይዛቸው ያገኙትን በር ያንኳኳሉ። ሰዉ ደግሞ ጉድ ነው። አልጋውን ለቆላቸው መሬት ይተኛል፤ ጭቃ የጠጣ ካልሲያቸውን ቀምቶ ያጥባል፤ ሲሸኛቸው ለአክስቱ፣ ለአማቹ፣ ለምራቱ ሰላምታ ያሲዛቸዋል። ቢሮው የፈለገውም ይህንኑ ነበር። ሰላይ ልኮ ሊያገኘው ያልቻለውን ቤት፣ እንግዳ ልኮ አገኘው።

የሚፈለገው ሰው የእስር ቤት ሐኪም ነበር። እስረኞቹ በምን እንደሞቱ ያውቃል። ሊናገር ሲል ተሰወረ። በቢሮው ቋንቋ «ዕቃው» ነው። ጫማ ሰፊው አጎቱ፣ ፍራሽ ሰፊዋ እናቱ ናቸው። ለድር የተነገራት፣ «አግኙት፣ በሰላም ድንበር አሻግሩት፣ ወጥቶ ይናገር» የሚል ነው። ያን ሁሉ ሰው እየዋሸች እንቅልፍ የሚወስዳት የሰው ነፍስ አድናለሁ ብላ ስላመነች ነው።

«ቤት ለእንግዳ!» አሉ ፍራሽ ሰፊዋ፣ ነጠላ ጫማውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው።

ቤቱ ግማሹ ሱቅ፣ ግማሹ መኖሪያ ነው። ጥጥ በየጥጋጥጉ ተከምሯል፤ ብናኙ ቅንድብ ላይ ሳይቀር ያርፋል። የእማማ መርፌ ከስንዝር ይረዝማል። ተሰፍተው ያለቁ ፍራሾች ከግድግዳው ሥር ወገብ እስኪደርሱ ተነባብረዋል። ወንበር ስለሌለ እንግዶቹ እሱ ላይ ዘለው ይቀመጡና እግራቸውን እያወዛወዙ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

«እንግዳ የመጣ ለት ወርቅ፣ በማግስቱ ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይላሉ» አሉ እማማ። «እኔ ቤት ግን ወርቅ እንደሆናችሁ ትኖራላችሁ።»

ማግ ቤቱን በዐይኑ በረበረ። ጣሪያውን፣ ጓሮውን፣ የጥጥ ጆንያውን። ምንም የለም።

«ዕቃው ሩቅ አይደለም» አላት ጓሮ ውስጥ። «አሮጊቷ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው የሚተርፍ ታበስላለች።»

«ታዲያ የት?»

«እሷ ካልነገረችን አናገኘውም።»

አንድ ቀን ምሳ ላይ ድር ለማግ ውሃ አቀበለችው። «አመሰግናለሁ» አላት። «ምንም አይደል» አለችው።

እማማ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እናንተ ልጆች፣ ባልና ሚስት ናችሁ ወይስ የባንክ ቤት ሠራተኞች?»

ድር ማግን ሰረቅ አድርጋ አየችው።

«ምን አጠፋን፣ እማማ?»

«እኔና ነፍሱን ይማረውና ባሌ፣ በኖርንበት ዘመን ሁሉ አመሰግናለሁ ተባብለን አናውቅም። እግርና እግር እንኳ ይጋጫል! እናንተ አንድ ቀን አትጣሉም?» ከት ብለው ሳቁ። «ገና ሙሽሮች ናችሁ። ቆይ፣ ይወጣላችኋል።»

ድር አብራ ሳቀች። ማግ አልሳቀም። ማታ ልብስ ከገመድ ሲያነሱ፣ «ሽፋናችን ሳስቷል» አላት። «ነገ እንጣላ።»

«በምን?»

«ባልና ሚስት በምን ይጣላል? በምንም።»

በማግስቱ ሸሚዜ ቁልፍ የለውም ብሎ ጮኸባት። ጮኸችበት። ቦርሳዋን በእርግጫ አለው። «እናትሽ ሳታሳድግሽ ቀርታ የእኔ ዕዳ ሆንሽ!» አላት። ይህን አልተነጋገሩበትም ነበር። የድር እናት እሷን ወልዳ ስትነሳ የሞተች ናት፤ ማግም ያውቃል። እንባዋ የእውነት መጣ። እሱ በሩን ደርግሞት ወጣ።

እማማ መርፌያቸውን ወርውረው አቀፏት።

«ተይው፣ የኔ ልጅ። ከዛሬ ጀምሮ እናትሽ እኔ ነኝ። ደግሞ ይናገርሽና ያየኛል!»

ፀጉሯን እየዳበሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለማንም ያላወጡትን ነገር የምታለቅስ ልጅ ፊት መያዝ አቃታቸው።

«እኔም የሚያስለቅሰኝ አለኝ። ልጄ ውጭ አገር ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። አለ። ቅርብ ነው።» አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «በቃ። ሆድ ይፍጀው።»

ድር ይህን ለማግ ነገረችው። ነገሩ ሐኪሙን ወደ ድንበሩ፣ ወደ መዳን የሚወስድ መስሏት ደስም ብሏት ነበር። ማግ ወጣ፣ ባለኮፍያውን አግኝቶ ተመለሰ።

«ትእዛዙ ተቀይሯል።»

«ወደ ምን?»

«ዕቃው አይሻገርም። እዚሁ ያልቃል።»

«እንዴ! ቃል ገብተውልኛል እኮ!»

«ላንቺ?» አላት። ዐይኗን አላያትም። «ነገ በምሳ ሰዓት የቢሮው ሰዎች መጥተው ቤቱን ያፈርሱታል። እኔ ጠዋት ከተማ ነኝ። አንቺ እዚሁ ጠብቂ።»

ጠዋት ሄደ። ድር ከእማማ ጋር ብቻዋን ቀረች።

እማማ እያንጎራጎሩ ይሰፋሉ። መርፌው ይገባል፣ ይወጣል። ድር የፍራሹ ክምር ላይ ተቀምጣ አየቻቸው። ይህን ሥራ ከጀመረች ወዲህ ትእዛዝ ጥሳ አታውቅም። ዘላ ወረደች።

«እማማ፣ ሰዎች ሊመጡ ነው። ልጅዎን ያሽሹት። አሁኑኑ!»

«ማን ነገረሽ?»

«ሲያወሩ ሰማሁ። እባክዎ፣ ሌላ አይጠይቁኝ።»

እማማ አዩዋት። ሌላ ሰው ቢሆን አያምኑም ነበር። ልጄ ያሏትን ግን አመኑ። ወደ ክምሩ ሄደው የላዮቹን ፍራሾች እያነሱ ጣሉ። የታችኞቹ መሐላቸው ተቦርቡሮ ነበር። ከውስጡ ጢሙን ጥጥ ያለበሰው ከሲታ ሰው ተነሳ። በየቀኑ እሱ ላይ ተቀምጣ ነው ለካ ሻይዋን ስትጠጣ የነበረችው።

«ሳቅሽን ለምጄው ነበር» አላት ሐኪሙ።

እናቱን ሳማቸው። የጓሮውን በር ከፈተ።

ማግ ቆሞ ነበር።

ከኋላው መኪና።

ያኔ ገባት። ቤቱን ቢያፈርሱትም ሐኪሙን ሳያገኙ ሊሄዱ እንደሚችሉ ቢሮው ያውቃል። ከተደበቀበት የሚያወጣው የእናቱ እጅ ብቻ ነው፤ የእናቱን እጅ የሚያንቀሳቅስ ደግሞ የሚወዱት ሰው መሆን አለበት። ጠቡ፣ ስድቡ፣ የተቀየረው ትእዛዝ፣ ብቻዋን መቅረቷ፣ ሁሉም የተሰናዳው ለእሷ ነበር። ትእዛዙ ፈጽሞ አልተቀየረም፤ ቢሮው ከመጀመሪያውም የፈለገው ሐኪሙ እንዳይናገር ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ርኅራኄዋ የቢሮው መሣሪያ መሆኑን ሁሉም ሲያውቅ የመጨረሻዋ ሰሚ እሷ ሆነች።

ሐኪሙን ወደ መኪናው ወረወሩት። ማግንም እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ገፉት፣ እማማ እንዲያዩ። መኪናው ጥጉን ሲታጠፍ ማግ እጁ ተለቆ ሲጋራ እንደሚለኩስ ድር አልጠፋትም።

እማማ አልጮኹም። ክንዷን ጨምድደው ወደ ቤት ጎተቷት።

«ግቢ! አንቺን ደግሞ እንዳይወስዱብኝ!»

ሐኪሙ የወጣበት የፍራሽ ጉድጓድ ውስጥ ገፍትረው ፍራሾቹን ላይዋ ከመሩባት።

ጨለማ።

ጥጡ ገና በሰውየው ገላ ይሞቃል።

ብዙ ቆይቶ መኪናው ተመለሰ። በሩ ተበረገደ።

«ተጓዧ ሴትዮስ?»

«ሄዳለች» አሉ እማማ።

ጥፊ።

«የት?»

«ልጄን ወሰዳችሁ። ባሏን ወሰዳችሁ። እሷን አልሰጥም! እንግዳዬ ናት!»

ሌላ ጥፊ። የሚወድቅ ሰው ድምፅ።

ጥያቄው ለሽፋኗ ሲባል የሚጠየቅ ትወና ነው። ጥፊው ግን ትወና አልነበረም። ድር አንዲት ቃል ብትተነፍስ ይቆም ነበር። አልተነፈሰችም። ሞት አልፈራችም፤ እማማ ማን መሆኗን እንዳያውቁ ፈራች። እጇን ነከሰች።

ከዚያ አንድ ሰው ፍራሹን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ። የቢሮው ምልክት ነው።

ዕቃው አልቋል። ውጪ።

እማማ ሲያወጧት ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ነበር። መጀመሪያ ያደረጉት ጥጡን ከፀጉሯ ማራገፍ ነው።

«አይዞሽ» አሏት። «እኔ ልጄን፣ አንቺ ባልሽን። አብረን እንጠይቃቸዋለን።»

በማግስቱ እስር ቤቱ በር ላይ ተሰለፉ። እናቶች፣ ሚስቶች፣ ፌስታል፣ ፔርሙዝ። እማማ ሁለት ምሳ ዕቃ ይዘዋል።

«ይሄ የባልሽ ነው። ቃሪያ ስለማይወድ ለብቻ ሠራሁለት። ተቀይሜው ነበር፣ ግን የታሰረ ሰው ላይ ቂም አይያዝም።»

ድር ግንቡን አየች። ከሁለቱ አንዱም እዚያ ውስጥ የለም። አንዱ ሲጋራውን እያጨሰ ሪፖርት ያደርጋል። ሌላውን ከእንግዲህ ማንም አያበላውም። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። «ልጅዎ» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ውሃ ገዝቼ ልምጣ፣ እማማ።»

«ሂጂ። ለእኔም ያዢልኝ፣ ጠምቶኛል።»

ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለች። ማንም ዞሮ አላያትም። ሱቁ ጥግ መኪና ቆሟል። የኋላ ወንበሩ ላይ አዲስ ቦርሳና የማታውቀው ወንድ አለ። አዲሱ ባሏ ነው። ገባችና በሩን ዘጋች።

መኪናው በሰልፉ አጠገብ ቀስ ብሎ አለፈ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ተንቀሳቅሶ፣ ከኋላ ያለችው ሴት ክፍቱን ቦታ ልትሞላ ጠጋ ስትል አየች። እማማ ጎንበስ ብለው ቃሪያ የሌለበትን ምሳ ዕቃ ክፍቱ ቦታ ላይ አስቀመጡት። መስኮቱ ተዘግቶ እንኳ ድምፃቸው ተሰማት።

«ሰው አለው።»