አረንጓዴው እድፍ

ኢንስፔክተር አሩንዳቲ ፓቴሪያ በሕንድ ኦርቻ ከተማ ካለው አሮጌ ቤተ መቅደስ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሟቿ ከሕንፃው ጀርባ ድንጋዩ ላይ በግንባሯ ተደፍታለች። ኢንዱማቲ ትባላለች፤ የሃምሳ አንድ ዓመት መምህርት ነበረች፤ ትዳር አልያዘችም። ጫማዋ በሩ ላይ ተጣምሮ ተቀምጧል። የወደቀችው ከጣሪያው ነው።

አሩንዳቲ ተንበርክካ አየቻት። ሰውነቷን በጠቀለለው ነጭ ልብስ፣ በሳሪዋ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ጀርባዋ ላይ፣ መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ እድፍ አለ።

«እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ነው፤ ግድግዳው ነክቷት ይሆናል» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ዝናብ ከጠፋ አምስት ወር አልፎታል፤ ግድግዳው እንደ አመድ ደርቋል። አሩንዳቲ ሳሪው በጥንቃቄ እንዲቀመጥ አዘዘች።

ከሟቿ ጋር የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ታናሽ እህቷ ቫሱዳ፣ የቫሱዳ ባል መሐንዲሱ ጊርዳሪ፣ እና ሾፌራቸው ሎቻን። የባልና ሚስቱን የጋብቻ በዓል ምክንያት አድርገው ለሦስት ቀን ጉዞ ወጥተዋል። የመጀመሪያውን ቀን ጓሊዮር ምሽጉን ሲዞሩ ዋሉ፤ ትናንት ዳቲያ ቤተ መንግሥቱን አዩ፤ ዛሬ ደግሞ ለኦርቻ ቤተ መቅደሶች መጡ።

ቫሱዳ መዳፎቿን ወደ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሁለቱም እጆቿ ለጌጥ በሚቀባ፣ ገና ባልደረቀ ሂና ተስለዋል። እንባዋን መጥረግ ስላልቻለች አንዲት ሴት ፖሊስ በመሐረቧ ታብስላታለች።

«እትዬ ስትቀናብኝ ነው የኖረችው» አለች። «ያኔ ለትዳር እሷን ሊያይ የመጣው ባሌ እኔን መረጠ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቴ እየመጣች ባሌንና ልጆቼን ታያለች። ዛሬ ሞልቶባት ራሷን ጣለች።»

«ለጉዞው ማን ጋበዛት?»

«እኔ ነኛ። ብቻዋን የት ትሄዳለች ብዬ አዘንኩላት።»

እሷ ራሷ ከገበያው ዛፍ ሥር፣ ሂና ሠሪዋ ዘንድ፣ ንቅንቅ ሳትል መቆየቷን ተናገረች። ባሏ በበኩሉ ብቻዬን ወንዝ ዳር ስንሸራሸር ነበር አለ፤ ያየው ሰው ግን የለም። ስለ ኢንዱማቲ ሲጠየቅ በሩ ላይ ወዳለው ጫማዋ ዞረ፤ አሩንዳቲም ይህን ልብ አለች።

ሾፌሩ መጀመሪያ መናገር አልፈለገም። በኋላ ግን ዳቲያ ላይ ከደረጃው ሥር ተቀምጦ ሳለ ጊርዳሪና ኢንዱማቲ ከላይ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ መስማቱን አመነ። ቃሉን አልለየውም፤ ሴትዮዋ ስታለቅስ ግን ሰምቷል።

«ወይዘሮ ቫሱዳስ ያኔ የት ነበሩ?»

«በአጠገቤ አልፈው ወደ ላይ ወጡ። ወዲያው ተመልሰው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ራሴን አሞኛል ብለው መኪና ውስጥ ቃል አልተነፈሱም።»

አሩንዳቲ ጊርዳሪን እንደገና አስጠራችው። ዳቲያ ላይ ምን እንዳለ ስትጠይቀው ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ከዚያም ሁሉንም ነገራት። ከእሱ ተለይታ ወደ ገበያው ሄደች። ሂና ሠሪዋን ያናገረችው ብዙም አይደለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስቱን በፖሊስ ጣቢያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሳሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አረንጓዴው ነገር ደርቆ ረግፎ ነበር፤ ሥሩ ግን እንደ ጡብ ቀልቷል።

«የድንጋይ ሽበት ሲውል አይቀላም» አለች። «የሚቀላ ሂና ነው። ራሱን የሚጥል ሰው ደግሞ ጀርባው ላይ የሌላ ሰው መዳፍ አያርፍበትም። አቶ ጊርዳሪ፣ እጅዎን ያሳዩን። ሎቻን፣ አንተም።»

ሁለቱም ባዶ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ሂና ሠሪዋ ሁለቱንም እጅዎን ሠርታ ደርቆ እስኪያበቃ እንዲቀመጡ ነግራዎት ነበር» አለች ወደ ቫሱዳ ዞራ። «እርስዎ ግን እህትዎ ወደ ቤተ መቅደሱ ስትገባ አይተው ተነሡ። ሲመለሱ የቀኝ መዳፍዎ ተበላሽቶ ነበር። ሳሪዬን ስሰበስብ ነካሁት ብለው እንደገና አሠሩት።»

ቫሱዳ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«ምክንያቱን ያገኘሁት ከባለቤትዎ ነው። እሳቸው ያኔ እሺ ያሉት ለኢንዱማቲ ነበር። እናታችሁ ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ አስታማሚያቸው ኢንዱማቲ ከቤት እንድትወጣ ዘመዶቻችሁ አልፈለጉም። እናም በሠርጉ ዕለት ፊትዎን በዓይነ ርግብ ሸፍነው እርስዎን ዳሩላቸው። ለኢንዱማቲ ደግሞ አልመረጠሽም ብለው ነገሯት። ትናንት እሳቸው እውነቱን ሲነግሯት እርስዎ ደረጃው ላይ ሆነው ሰሙ።»

ጊርዳሪ እንደ ታመመ ሰው ተንፍሶ፣ «ደስ ይላት ይሆናል ብዬ ነው የነገርኳት» አለ። «ሳትፈለግ የቀረች መስሏት እንዳትሞት ብዬ።»

አሩንዳቲ ሳሪውን አጠፈችው።

«ብትኮራብኝ ምንም አልነበረም» አለች ቫሱዳ በመጨረሻ። «ጣሪያው ላይ ደርሼ፣ አመንሽው ወይ አልኳት። ጠጋ ብላ ራሴን ዳበሰችኝ። አይዞሽ እህቴ አለችኝ። እኔ እኮ ነኝ እሷን አይዞሽ ስል የኖርኩት! ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወንዙን ማየት ጀመረች።»

ሴቷ ፖሊስ ክንዷን ያዘቻት። ቫሱዳ ተነሣች፤ ነገር ግን አልተራመደችም፤ ወደ ባሏ ዞረች።

«ዓይነ ርግቡን ስትገልጥልኝ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለችው። «እኔ ደስታ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ምን ነበር?»

ጊርዳሪ ወለሉን ያያል። ፖሊሷ ክንዷን ሳብ አደረገቻት፤ ቫሱዳ ግን መልሱን ትጠብቅ ነበር።