የእጅ ጀርባ

አዛውንቱ መሬት ቀያሽ ጋራዣቸው ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። ግራ እጃቸው የኤሌክትሪክ ጊታራቸውን አንገት እንደያዘ ነው። ቀኝ እጃቸው የማይክራፎኑን መቆሚያ ብረት በሙሉ መዳፍ ጨብጧል። የማንበቢያ መነጽራቸው ከአንድ ጆሯቸው ወልቆ ጉንጫቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለ ሐኪሙ ከተንበረከከበት እየተነሳ። «ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው፣ በልብ በኩል አልፎ።»

ኢንስፔክተሯ ክፍሉን በዓይኗ እየዞረች ነበር። ጋራዡ መኪና ካየ ዓመታት አልፈውታል። ድምፅ እንዲያፍን ግድግዳው ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ተቸንክሯል። ጥግ ላይ ሻንጣ የሚያህል አሮጌ አምፕሊፋየር፣ ከጎኑ ሚክሰርና የድምፅ መቅጃ አሉ። ከወንበሮቹ ሦስቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ። የሟቹ ወንበር ብቻ ወደ መስኮቱ ዞሯል፤ እግሮቹ ለዓመታት ምንጣፉን ያጎደጎዱበት ቦታ ባዶውን ቀርቷል።

ጎንበስ ብላ ጊታሩን አየች። ከራሱ ላይ የክብሪት ቀፎ የማታህል ጥቁር ዕቃ ተቆንጥጣለች። ዕቃዋ ትንሽ መስታወት አላት፤ መስታወቷ ላይ አዲስ ዕቃ የሚለብሰው ስስ ላስቲክ ገና አልተላጠም።

ሚስትየዋ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው ስትቀመጥ ዞር ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ።

«እንዴት አድርገው፣ እትዬ?»

«በአፌ።»

ኢንስፔክተሯ ጠበቀች። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገፋ ይዘጋል፣ ሲተዉት ግን ራሱ ይከፈታል።

«ትናንት ማታ ቴሌቪዥኑን አስጮኸው። ቀንስ ብለው አልሰማኝም፤ ደግሜ ብጮህም አልሰማኝም። ተናደድኩ። ጆሮህ ከሄደ እኮ ቆየ፣ ጊታርህን እንኳ ጓደኞችህ ናቸው ተደብቀው የሚቃኙልህ፣ እንደ ሕፃን እያባበሉህ ነው አልኩት። ይኼን ሰማኝ። የሚሰማውን እንዴት እንደሚመርጥ!»

«ምን አሉ?»

«ምንም። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ተኛ። ጠዋት ሳይነግረኝ ወጣ፣ ተመልሶ ገብቶ ጋራዡን ዘጋ። ለምሳ ልጠራው ስሄድ...» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጄ፣ እሱ ኤሌክትሪክ የማያውቅ ሰው አይደለም። ጊታር ይዘሽ ማይክ አትጨብጪ ብሎ ለእኔ ሳይቀር አስተምሮኛል። መጀመሪያ በእጅሽ ጀርባ ንኪው፣ ኤሌክትሪክ ካለው እጅሽ ራሱ ይሸሻል፣ በመዳፍሽ ከያዝሽው ግን አይለቅሽም ይለኝ ነበር። እሱ ግን በመዳፉ ያዘው። አውቆ ከሆነ ንገሪኝ። ሳላውቅ ብቻ እንዳልቀር።»

«እነግርዎታለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ከበዳት።

ጓደኞቹ የመጡት ያን ጊዜ ነበር፤ የተለመደው የቅዳሜ ልምምዳቸው ሰዓት ደርሶ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱ፣ ፋርማሲስቱና መምህሩ፣ ጊታር በትከሻቸው፣ አንዱ የመሣሪያ ቦርሳ በእጁ፣ እየተቀላለዱ በሩን አልፈው ገቡ። ፖሊሱን ሲያዩ ሳቃቸው በአንድ ጊዜ ደረቀ።

ባለቦርሳው ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው፤ ሁሉም ሰው «ሽቦ» ይላቸዋል። ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ እሳቸውን ወደ ጋራዡ ወሰደቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ኤሌክትሪኩም ጠፍቷል።

«አምፕሊፋየሩን የሚጠግኑት እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን? ዕድሜው ከእኔ አይተናነስም። ባለ ሁለት ሽቦ ነበር፣ በየጊዜው ይነዝረን ነበር። እኔ ነኝ ሦስተኛውን ሽቦ፣ ግራውንዱን ያስገባሁለት። ውስጡ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ እንኳ ግራውንዱ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ይወስደዋል፣ ፊውዙም ይቃጠላል። ሰው አይነካም። ያንን የእጅ ጀርባ ልማድ ሁሉ ያስተውኳቸው እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ እንደ ልባችሁ ጨብጡ አልኳቸው።»

«ስፒናውን ይክፈቱልኝ።»

ሽቦ ሳያመነቱ ካቻቢቴያቸውን አውጥተው ስፒናውን ፈቱት። ከፈቱትና ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ግራውንዱ፣ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ፣ ተቆርጧል፤ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ ወደ ጎን ታጥፏል።

«እኔ አልቆረጥኩም» አሉ።

«ሰው ለምን ይቆርጠዋል?»

«ጉርምርምታው ነዋ! ሚክሰሩን ካያያዝነው ወዲህ አምፕሊፋየሩ እንደ ተራበ ድመት ያጉረመርማል። ግራውንዱን ከቆረጡት ዝም ይላል። ግን ይኼ የሰነፍ ዘዴ ነው። እኔ ማስተካከያ ዕቃ አዝዤለት ነበር፣ እስኪመጣ ታገሱ ብያቸዋለሁ።»

«ያለፈው ቅዳሜስ ያጉረመርም ነበር?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ዝም ብሎ ነበር። ፋርማሲስቱ ‹ሽቦ እጅህ ይባረክ፣ አስተካከልከው› አለኝ። አልነካሁትም እኮ። ግን ሰው ሲያመሰግንህ እኔ አይደለሁም ማለት... ‹ምንም አይደል› አልኩት። ያን ጊዜ እኔ አልነበርኩም ብል፣ እንፈትሽ ብለን እንከፍተው ነበር። በአንዲት ምስጋና ጓደኛዬን ገደልኩት።»

«ዛሬ ገዳይ በዛብኝ፣ ጋሼ» አለች ኢንስፔክተሯ በቀስታ። «ተራዎን ይጠብቁ።»

አለቃዋ ስልክ ደወለላት። «ሰውዬው ተከፍቶ ነበር፣ አደጋውንም ያውቀዋል። ምን ታንዛዥዋለሽ? ራሱን ነው ያጠፋው።»

«ራሱን ያጠፋ ሰው መነጽር ለምን ያደርጋል?» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ፋርማሲስቱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ናቸው፤ ቁመታም፣ ለቀልድ የማይሰንፉ። ዓይናቸው ግን ቀልቷል።

«ጊታራቸውን የሚቃኙላቸው ማን ነበር?» አለች።

«እኔ። ዓመት አለፈው። ሽቦና መምህሩ ግቢው ውስጥ በወሬ ይይዙታል፣ እኔ ቀድሜ እገባና ቶሎ ቶሎ ቃኝቼ እቀመጣለሁ። ምን እናድርግ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የእሱማ ጭራሽ አገር ለቆ ሄደ። ጣቶቹ ግን እንዳሉ ነበሩ። ስንቱ ጆሮ ያለው እንደሱ አይጫወትም።»

«ዛሬስ ቃኝተውላቸዋል?»

«ኧረ አሁን እኮ መምጣታችን ነው።»

ጊታሩን ሰጠቻቸው፤ ክሮቹን አንድ በአንድ እንዲነኩ። ፋርማሲስቱ ነኩ፣ ጆሯቸውን አቀረቡ፣ እንደገና ነኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ተቃኝቷል! እኔ ከምቃኘው ይበልጣል። ማን ገባ እዚህ?»

«ይቺ የማን ናት?» አለች ጊታሩ ራስ ላይ የተቆነጠጠችውን እያሳየች።

«መቃኛ ናት። የእኛ አይደለችም። እኛ እንዲህ ያለ ነገር አንጠቀምም፤ የሽማግሌ ኩራት አለብን።»

«ያለፈው ቅዳሜ የተለየ ነገር አላዩም?»

«ምንም። እንዲያውም ስቀን ነበር። ቤዝ ጊታሬን እንዳንጠለጠልኩ ማይኩን ነጥቄ ቀልድ ነገርኳቸው፤ ሽቦ ሚስቱ ስታኮርፍ ፊውዟን ነው የሚፈትሸው ብዬ። መምህሩም አሳቀን፤ ዘፈን ሊጀምር ሲል በየጊዜው ማይኩን በእጁ ጀርባ ነካ ያደርገዋል፣ እንደ ድሮው። አርጅተሃል፣ ወደ ልጅነትህ ተመለስክ አልነው።»

ኢንስፔክተሯ ምንም ያልሰማች መስላ አመሰገነቻቸው።

መምህሩ ዘፋኝ ናቸው፣ ጊታርም ይመታሉ። የእሳቸው፣ የፋርማሲስቱና የሟቹ ጊታር የሚሰካው እዚያው አምፕሊፋየር ላይ ነው። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ጥያቄ ሲጠየቁ ለተማሪ እንደሚመልሱ ቃላቸውን ይመርጣሉ።

«ልጄ፣ ስለ ሽቦና ስለ ስፒና እኔን አትጠይቂኝ። የእኔ ሥራ መዝፈንና መቅዳት ነው።»

«ለምን ነበር የምትቀዱት?»

«ጆሮው ጨርሶ ሳይሄድ፣ እጁ ሳይደክም ጨዋታው ጠርቶ እንዲቀርልን። ጣቱ ክሩን ሲለቅ የምትሰማውን ትንፋሽ እንኳ... እሷን ነበር የፈለግኳት።» አንገታቸውን አቀረቀሩ።

«ማይኩን በእጅ ጀርባ የመሞከር ልማድ ነበራችሁ ይባላል።»

«ድሮ። ሽቦ ግራውንዱን ካስገባ ወዲህ ሁላችንም ትተነዋል።»

«እርስዎም?»

«እኔም።»

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሯ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫዎቹን በእግሯ አካለለች። አንደኛዋ ሱቅ ውስጥ የሟቹን ፎቶ ያየችው ሻጭ ወዲያው አወቀቻቸው። ኢንስፔክተሯ ያለችውን ሁሉ ሰማች፤ ስትወጣ ግን ወደ ጋራዡ ለመመለስ አልቸኮለችም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየዋ በባላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ አሁንም ወደ መስኮቱ እንደዞረ ነው።

«እትዬ፣ ከእርስዎ ጥያቄ ልጀምር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ባለቤትዎ አውቀው አልሞቱም።»

ሴትየዋ ከመስኮቱ ወደ እሷ ዞሩ።

«ጊታሩ ተቃኝቷል። ጓደኞቻቸው ገና አልመጡም፣ እሳቸው ደግሞ አይሰሙም። ግን ይቺ መቃኛ የክሩን ንዝረት ይዛ በመብራት ታሳያለች፤ ጆሮ አትፈልግም፣ ዓይን ነው የምትፈልገው። የማንበቢያ መነጽራቸውን ያደረጉት ለዚህ ነው። መስታወቷ ትንሽ ናት፤ በደንብ ለማየት ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጊታራቸውን በራሳቸው ቃኙ። የማይኩ መቆሚያ መስኮቱ ጋ ብርሃን ከልሎባቸው ነበር፣ ወደ ጎን ሊያደርጉት ያዙት።»

«በመዳፉ» አሉ ሚስትየዋ።

«በመዳፋቸው፤ ምክንያቱም የሚፈሩት ነገር አልነበረም። ሦስተኛው ሽቦ ከገባ ወዲህ ልማዱን ትተውታል። ሽቦ ‹እንደ ልባችሁ ጨብጡ› ስላሏቸው ጨበጡ። ጓደኛቸውን አምነው ነው የሞቱት።»

ሽቦ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«እርስዎ አይደሉም፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ስፒናውን ይክፈቱ ስልዎት እጅዎ አልዘገየም። ውስጡ ያለውን የሚያውቅ ሰው ሰበብ ይፈልግ ነበር። ለእትዬ ጉርምርምታው ጉዳያቸው አይደለም፤ የሚጫወቱትም የሚቀዱትም እናንተ ናችሁ። ባለቤታቸው ጉርምርምታውን አይሰሙትም፤ ያልሰሙትን ሊያጠፉ አይነሱም። ፋርማሲስቱም ባለፈው ቅዳሜ ቤዝ ጊታራቸው እዚያው አምፕሊፋየር ላይ ተሰክቶ ሳለ ማይኩን በሙሉ መዳፋቸው ነጥቀው ቀለዱ። ግራውንዱ መቆረጡን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። ያተረፋቸው የአምፕሊፋየሩ የውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን የነካው ከዚያ ቀን በኋላ መሆኑ ነው።»

ከአምፕሊፋየሩ ወደ ማይኩ ዞረች።

«በዚያው ቀን ግን አንድ ሰው የድሮውን ልማድ አስታወሰ። አደጋ እንዳለ ያውቅ ስለነበር፣ ማይኩን ከመጠጋቱ በፊት በእጁ ጀርባ ነካው። ደግሞ ነካው። ስጠይቀው ትቼዋለሁ አለኝ።»

ፋርማሲስቱ ቀስ ብለው ወደ መምህሩ ዞሩ።

«አንተ» አሉ። «ስቀንብህ ነበር እኮ። ስንስቅብህ አንዲት ቃል ብታወጣ ምን ነበረበት?»

መምህሩ ወደ ድምፅ መቅጃው ተመለከቱ። «ሽቦ ይቀየመኛል ብዬ ነው። ቀረጻው እስኪያልቅ ብቻ... ከዚያ መልሼ አገናኘዋለሁ ብዬ ነበር። ጉርምርምታው የጣቱን ድምፅ ዋጠብኝ። ዝም ሲል ሰማሁት፤ ክሩን ሲለቅ፣ ያቺ ትንፋሽ... ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት።»

«አደጋውንም ያውቁት ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ለራሴ ፈርቼ ነበር። ማይኩን ዘወትር የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ ወደ ማይክ ተጠግቶ አያውቅም፣ ዓይን አፋር ነው፤ እሱን የሚነካው አልመሰለኝም። በራሴ ብቻ የሚመጣ አደጋ ነው ያልኩት።»

«ትናንት ግን ስፒናው ሲከፈት አውቀዋል። ሽቦ ሲያለቅሱ አይተዋል። እትዬም ራሳቸውን ገዳይ ሲያደርጉ ሰምተዋል።»

ሽቦ ከወንበራቸው ተነስተው መምህሩ አጠገብ ደረሱ፤ የሚመቱ መስሏቸው ፋርማሲስቱ ብድግ አሉ። ሽቦ ግን እንደቆሙ ቀሩ።

«ብትነግረኝ እሰድብህ ነበር» አሉ። «እንዴት አድርጌ እሰድብህ ነበር መሰለህ! ከዚያ አብረን እንጠግነው ነበር።»

ኢንስፔክተሯ በር ላይ ለቆመው ፖሊስ ምልክት ሰጠች። መምህሩ ሲወጡ ማንም አላስቀራቸውም፣ ማንም አልሸኛቸውም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከትለው ግቢው ውስጥ ቆሙ።

ሚስትየዋ ከወንበሩ አልተነሱም።

«መቃኛዋን ከየት አመጣት?» አሉ።

«ትናንት ጠዋት ገዟት። ሻጯ ታስታውሳቸዋለች። ሱቁ እስኪከፈት ውጭ ቆመው ጠብቀዋል።»

«ተቆጥቶ ነበር?»

«አይ። እየሳቁ ነበር አለችኝ። በዓይን የሚታይ መቃኛ ስጪኝ አሏት። ለስጦታ ነው? ብትላቸው፣ ‹ለራሴ ነው። ጓደኞቼ እኔን ሲያባብሉ ደክመዋል፤ ዛሬ ተቃኝቼ ልጠብቃቸው። ሚስቴ ባትነግረኝ እስከ ዕለተ ሞቴ አላውቅም ነበር። እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት› አሏት።»

ሴትየዋ እጃቸውን ዘርግተው የኢንስፔክተሯን እጅ ያዙ፤ አጥብቀው፣ በሙሉ መዳፋቸው።

«የመጨረሻዋን ድገሚልኝ፣ ልጄ።»

ደገመችላቸው።