ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ

«ፍጠኚ ቱርቦ፣ የምሳ ሰዓቴ አለቀ!» እናቷ እስክሪብቶውን እንደ መርፌ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ቆማለች። ከስፌት ቤቱ እየሮጠች ስለመጣች ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ሰማያዊ ክር እንኳ አላራገፈችም።

ቱርቦ የሚሏት ስታነብም ስታወራም ስለምትፈጥን ነው። ማንበብ የማትችለው እናቷ የያዘችውን የሥራ ውል ተቀብላ ጮክ ብላ ማንበቡን ተያያዘችው። ከመጪው ወር ጀምሮ እናቷ ተቀጣሪ መሆኗ ቀርቶ «አገልግሎት ሰጪ» ትባላለች፤ ክፍያዋም ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥበት ሙሉውን እጇ ይገባል።

«ሳይቆረጥ!» እናቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «በቃ ብስክሌትሽ ተገዛ በይው!»

ቱርቦ ከወንበሯ ተስፈንጥራ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሦስት ዓመት ሙሉ በሱቅ መስታወት ስታየው የኖረችው ብስክሌት! በእግር አርባ ደቂቃ የሚፈጀው የትምህርት ቤት መንገድ፣ በአሥር ደቂቃ ፈትለክ!

ቀለም ቀቢው አጎቷ በሩን ተደግፎ ሳቀ። «እንኳን ወደኛ ሰፈር መጣሽ፣ እህት ዓለም። እንግዲህ እንደኔ አንድ ካርቶን አዘጋጂ።»

«ለምን?»

«ለደረሰኝ ነዋ! የቀለሙን፣ የብሩሹን፣ የመሰላሉን። ለራሱ የሚሠራ ሰው ግብሩን የሚያሳውቀው ራሱ ነው። ወጪዬን በደረሰኝ ካላሳየሁ በገባልኝ ሁሉ ላይ ያሰሉብኛል።»

«የኔ አይከፈልበትም። አነበብሽው አይደል፣ ቱርቦ?»

ቱርቦ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች። መቼም ደስታ ዓይን ይጋርዳል፤ መሀል ላይ ሁለት መስመር ዘላ አልፋለች። «ግብሩን አስልቶ የመክፈል ኃላፊነት የአገልግሎት ሰጪዋ ነው» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ «የስፌት ማሽኑ የድርጅቱ ነው፤ የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው ድርጅቱ ነው።»

ሙሉ የተባለው ገንዘብ ውስጥ ለካ ግብሩም አለ። ብስክሌቷም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ዓመቱ አልቆ ግብሩ እስኪጠየቅ ድረስ እሷ ስንት መንገድ በነዳች!

«ምነው? ቱርቦ ነዳጅ ጨረሰች እንዴ?» አለ አጎቷ።

እናቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጎንበስ አለች።

«እማዬ፣ አትፈርሚ!» ድምፅዋ ከራሷ ቀድሞ ወጣ። «ሁለት መስመር ዘልያለሁ።»

አሁን ቃል በቃል አነበበችላቸው።

«ማሽኑ የነሱ፣ ሰዓቱ የነሱ፣» አለች እናቷ ቀስ ብላ፣ «ግብሩ ግን የኔ? ጡረታዬስ?»

«ስምሽን ነው እንጂ ሥራሽን መች ቀየሩት!» አጎቷ ከበሩ ተነሣ። «እኔ መሰላሌን ተሸክሜ በፈለግኩት ሰዓት ነው የምገባው። አንቺማ ያው ተቀጣሪ ነሽ።»

እናቷ እስክሪብቶውን ፀጉሯ ውስጥ ሻጥ አደረገች። ዓይኗ እሳት ሆነ። «ስፌት ቤቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ነን እኮ! ሁሉም እያጨበጨቡ ሊፈርሙ ነው። እኔ ደርሼ ብነግራቸው ያምኑኛል ብለሽ ነው? 'አታሟርቺብን' ይሉኛል!»

«ወረቀቱንስ ቢሰሙት?»

«ማን ያነብላቸዋል?»

ቱርቦ ጣቷን ከመስመሩ ላይ ሳታነሣ ወረቀቱን አጠፈችና፣ በሌላው እጇ ከወንበሩ ሥር ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።