ባዶ የተባለው ጋቢና

መንፈስ፣ ጥላ፣ ምናምን ሲሉኝ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ወዳጄ፣ ፊደል የቆጠርኩት እንኳ ለመንጃ ፈቃድ ብዬ በሠላሳ ዓመቴ ነው፣ የሰው ወሬ ቶሎ አላምንም፣ ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ የሞተችው ከአምበር ስንመለስ ነው፣ ጭጋግ ውስጥ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨን፣ እኔን ኤርባጉ ተነፍቶ አዳነኝ፣ በእሷ በኩል ያለው አልተነፋም። ወንድሞቿ ኤርባጉን እሱ ነካክቶት ነው ብለው ከለቅሶው ድንኳን አስወጡኝ፣ ከዚያ ወዲህ ደጄን የሚረግጥ ጠፋ።

ማርቆስ ከተማ ያለ የቴክኒክ ኮሌጅ መምህር፣ አንዷለም ይባላል፣ ኤርባጉን የምታዘውን ትንሽ ሳጥን ልፈትሻት አለኝ። ሲሙሌሽን ይለዋል እሱ፣ እኔ ማታለል ነው የምለው፤ መኪናም መንገድም የለም፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ኮምፒውተር ሳጥኗን እየሄድሽ ነው፣ ጋቢና ሰው አለ፣ አሁን ተጋጨሽ ይላታል፣ እሷም እውነት መስሏት ወዲያው ትመልሳለች። ሰው መኖሩን ካመነች አረንጓዴ መብራት ይበራል። እኔ እንደ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘ ፍሬን እረግጣለሁ።

ደጋግመን ሞከርን፣ አልበራም።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አለኝ፣ «ሳጥኗ ጋቢናውን ባዶ ነው ብላ ነው የምታውቀው።»

እመነኝ፣ ደስ አላለኝም። ሚስቴን ባዶ አለቻት።

አንዷለም ጋቢና ሰው መኖሩን ለሳጥኗ የሚነግራትን ሽቦ ነቅሎ ለወንድሞቿ ሊደውል ወጣ፣ መሽቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ኮምፒውተሩ የሌለውን መንገድ ይነዳል። መጀመሪያ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ቀበቶ ሲታሰር እንደሚለው፣ ከዚያ መብራቱ በራ። ሽቦው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

አንዷለም ተመልሶ አየው፣ ምን ነኩ አለኝ፣ ምንም አልኩት፣ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ ያዝኩት።

«ተዋት፣ ትቀመጥ።»

ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። በኋላ ልሄድ ከወንበሬ ብድግ ስል መብራቱ ጠፋ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ አልበራም።

ወጣሁ፣ ደጃፉ ላይ ዝናቡ እየመታኝ ቆምኩ፣ በሩን መዝጋት ግን አቃተኝ፣ አንዷለምም ዝጉት አላለኝም።

ወንድሞቿ በኋላ መጥተው ይቅርታ ጠይቀውኛል፣ ይበሉ፣ ምን ይረባኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ቤቴ ስገባ በሩን ወዲያው አልዘጋም።