መታጠፊያው ላይ ድንጋዩን ማን አነሳው?

የሟቹ ቀኝ እግር ጫማ አልነበረውም።

ኢንስፔክተር ኮከብ ከሁሉ አስቀድማ ያስተዋለችው ይህንኑ ነው። ከሰመራ ወደ ዲቾቶ በሚወስደው መንገድ፣ አስፋልቱ በጥቁሩ ድንጋያማ ሜዳ መሀል ሲገሰግስ ቆይቶ አንድ ጉብታ ሥር ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በብልሽት የቆመ ተሳቢ ሥር ገብታ ጣሪያዋ ተልጧል። ሟቹ ስዩም የተባለ የውሃ ጉድጓድ መሐንዲስ ነው። የግራ ጫማው ከእግሩ አልወጣም። የቀኙ ከጎኑ ካለው ወንበር ሥር ተገኘ፤ ማሰሪያው ተፈትቷል። አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት ፈለገች፤ አንድ ክንድ እንኳ አጣች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ኮከብን ግን ብርድ ብርድ አላት።

ሾፌሮች ያንን መታጠፊያ አይወዱትም። ብዙ ሰው በልቷል፤ እዚያ የሞቱት የሚያልፈውን ይጣራሉ ይባላል። ኮከብ በአሥራ አራት ዓመት የትራፊክ ምርመራ ሥራዋ እንዲህ ያለ ወሬ በሰማች ቁጥር ትስቅ ነበር። የዚያን ቀን ሳቁ አልመጣላትም። የዓይን ምስክሯ ደራርቱ ነበረችና። ደራርቱ የጅቡቲን መንገድ ዘጠኝ ዓመት የተመላለሰች የከባድ መኪና ሾፌር ናት፤ ወሬ አታበዛም።

«ከሎጊያ ጀምሮ ከኋላዬ ነበር» አለች መሬት መሬት እያየች። «ስቀንስ ይቀንሳል፣ ስጨምር ይጨምራል፤ በገመድ የምጎትተው ነበር የሚመስለው። መታጠፊያውን ስጨርስ የቆመውን ተሳቢ አየሁና ወደ ግራ ወጥቼ አለፍኩት። በስፖኪዮ ሳይ ሰውዬው ይቀንሳል ስል ጭራሽ ፈጠነ። እህት ዓለም፣ የሆነ ነገር የጠራው ነው የሚመስለው።»

የተሳቢው ሾፌር ሰዒድ ወዲያው ታሰረ። መኪናው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተበላሽቶ ቆሞ ነበር፤ ረዳቱ መለዋወጫ ሊያመጣ ሎጊያ ሄዷል። መሀል መንገድ የተበላሸበት ሾፌር ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፤ የሚያንጸባርቀው ምልክት ኖረም አልኖረም የዚህ መስመር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ልማድ ይህ ነው። አስፋልቱ ላይ ግን አንድም ድንጋይ አልተገኘም። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን በሳምንት ውስጥ ፈለገው። ሰዒድ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰው በመግደል ከተፈረደበት የቀረውን ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርሰው ይችላል።

«ወላሂ ደርድሬያለሁ» አላት ከጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ። «አሥራ አንድ ድንጋይ። ከመታጠፊያው በፊት፣ ሁለት መቶ እርምጃ ቆጥሬ። ከጥምዙ ወዲህ አጠገቤ ብደረድረው ለማን ሊታይ?»

«ታዲያ የት ገቡ?»

«አላህ ያውቃል። እኔ ከመኪናው ሥር ተኝቼ ነበር።»

ከሥር ሆኖ ያየው ነገር ካለ ጠየቀችው። ብዙ አሰበ። አደጋው ሊደርስ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው አንዲት ፒካፕ አጠገቡ ስትደርስ ቀስ ማለቷን፣ አንዴ ረጅም ጥሩምባ ነፍታ መሄዷን ነገራት። ሰላምታ መስሎት በእጁ የያዘውን የብሎን ቁልፍ አወዛውዞ ነበር። ያያቸው ጎማዎቿን ብቻ ነው፤ ነጭ ጭቃ ደርቆባቸዋል። በዚህ ድርቅ ጭቃውን ከየት አገኘችው ብሎ ተገርሞ ነበር። ኮከብ ይህንን ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

የሟቹ ባለቤት ሮማነወርቅ ባሏን አዋሽ ቀብራ፣ አደጋው በደረሰ በአራተኛው ቀን ሰመራ መጣች። እሷ የጠረጠረችው ሰዒድን አይደለም፤ ሎጊያ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግነውን ባፈናን ነው። ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን መኪናዋ ጋራዡ ገብታ ነበር፤ ፍሬኗን ነክቶት ይሆናል ባይ ናት። ኮከብ ስለ ጫማው ስትጠይቃት ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ራሱ ነው የሚያወልቀው» አለች። «ያቺን መኪና ከገዛ ወዲህ ረጅም መንገድ ሲወጣ ቀኝ እግሩን አጥፎ ነው የሚቀመጠው። ከአዋሽ ሰመራ ድረስ ፔዳል አልነካሁም እያለ ይመካል። እባክህ ብዬ ለምኜዋለሁ። አንቺ አዲስ ነገር አትወጂም፣ መኪናዋ ራሷ ከእኔ የተሻለ ትነዳለች ይለኛል።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ኮከብ ግን በተረት ሰው አትፈታም፤ ባፈና ዘንድ ሄደች። ባፈና የተቀየረውን ጎማ አሳያት፤ ፍሬኑን እንዳልነካው ማለ። ከዚያም ስለ መኪናዋ ክሩዝ፣ ያለ እግር ፍጥነት ስለሚጠብቀው መሣሪያ፣ አስረዳት። ፍጥነቱ መቶ ላይ ከተሞላ መኪናዋ በራሷ መቶ ትሄዳለች። ከፊቷ ቀርፋፋ መኪና ካገኘች ራዳሯ ያየዋል፤ ርቀት ጠብቃ ትከተለዋለች። ያ መኪና ከፊቷ ዞር ካለ መንገዱ የተከፈተላት ይመስላትና ወደ ተሞላላት ፍጥነት ትመለሳለች።

«ከፊቷ የቆመ ነገር ቢኖርስ?»

«ችግሩ እሱ ነው» አለ ባፈና። «ሲንቀሳቀስ ያላየችውን፣ ድንገት ቆሞ የጠበቃትን ብዙ ጊዜ ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ከመንገድ ዳር ሰሌዳ አትለየውም። ጥምዝ ላይም ትስታለች፤ ራዳሯ በአቧራና በጭቃ ሲሸፈንም እንዲሁ። መጽሐፏ ላይ ተጽፏል፤ መጽሐፏ ግን በቻይንኛ ነው። ነግሬው ነበር፤ እግርህ ፍሬኑ አጠገብ ይዋል ብዬ። ሳቀብኝ።»

ኮከብ በጆሮዋ የሰማችውን በእግሯ ማረጋገጥ ፈለገች። በማግስቱ ጠዋት ከሰመራ ወጣ ብሎ ያለውን ቀጥ ያለ መንገድ አዘግታ ሁለት ባዶ በርሜል መሀሉ ላይ አስቆመች። ባፈና እንደ ሟቹ ያለች መኪና ከደንበኛ ለመነላት። ደራርቱ በከባድ መኪናዋ ፊት ፊት በሃምሳ ሄደች፤ ኮከብ ክሩዙን ሰማንያ ላይ ሞልታ ተከተለቻት። መኪናዋ እንደ ታዘዘች ጨዋ ልጅ ርቀቷን ጠብቃ ተጓዘች። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ኮከብ ትከሻዋ ሲላላ ታወቃት፤ ጫማ ማውለቁ ለምን እንዳማረው ገባት። ከዚያ ደራርቱ በርሜሎቹ ጋ ስትቃረብ ወደ ግራ ወጣች።

መኪናዋ ለአፍታ አመነታች። ከዚያ ኮከብን ከወገቧ ገፋ አድርጋ ወደ በርሜሎቹ ሮጠች። ኮከብ ይህ እንደሚሆን ታውቅ ነበር፤ እግሯም ፍሬኑ ላይ ነበረ። እንዲያም ሆኖ በልቧ «አሁን ትቆማለች፣ አሁን ትቆማለች» አለች። በርሜሎቹ ጋ ለመድረስ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ረግጣ አቆመቻት። ላብ አጠመቃት። ስዩም በመጨረሻዎቹ ሁለት ሰከንዶች ምን እያለ እንደነበር አሁን አወቀችው፤ ያንን ባላወቀች ደስ ባላት።

ስዩምን የጠሩት ሙታን እንዳልነበሩ ታወቀ። የድንጋዮቹ ነገር ግን ቀረ። ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ መታጠፊያው ተመልሳ ሁለት መቶ እርምጃ ቆጠረችና የመንገዱን ዳር ፈተሸች። አገሩ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ፀሐይ ያጠቆረው። ከመንገዱ ዳር ቦይ ማዶ ግን አሥራ አንድ ድንጋዮች የነጣ ሆዳቸው ወደ ላይ ዞሮ ነበር፤ አፈሩ ገና አልረገፈላቸውም። አልተወረወሩም። ተመልሰው እንዳይንከባለሉ አንዱ ካንዱ ተደግፎ ተቀምጧል። ኮከብ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ይህንን ያደረገው ሰው ምን ቢያስብ ነው አለች፤ መልሱ ሲመጣላት ከተቀመጠችበት ተነሳች። ማታ የሰባት ዓመት አሮጌ መዝገብ ከመደርደሪያ አወረደች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሁሉንም መታጠፊያው ላይ ሰበሰበቻቸው። ሰዒድ በካቴና፣ ሮማነወርቅ በጥቁር ልብስ፣ ባፈና፣ ደራርቱ፤ አምስተኛው የስዩም የሥራ ባልደረባ አብዮት ነበር። አብዮት የጉድጓድ ቁፋሮው ኃላፊ ነው። ሬሳውን አዋሽ ያደረሰ፣ ሦስቱን ቀን ለቅሶ ቤት የተቀመጠ እሱ ነው። በአደጋው ቀን የት እንደነበር ስትጠይቀው በዚያ ያለፈው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ መንገዱም ባዶ እንደነበር ተናግሮ ነበር።

«ግጭት ጫማ ያወልቃል» ብላ ጀመረች ኮከብ፤ «ማሰሪያ ግን አይፈታም። ስዩም እግሩን ያሳረፈው በፈቃዱ ነው። ደራርቱ ከፊቱ ዞር ስትል መኪናዋ መንገድ የተከፈተላት መሰላትና ፈጠነች፤ የቆመውን ተሳቢ አላወቀችውም። ስዩም ትቆማለች ብሎ ጠበቃት። ስለዚህ ባፈና ፍሬን አላበላሸም። ደራርቱ፣ ከጥምዙ በፊት ድንጋይ ብታዪ ምን ታደርጊ ነበር?»

«በአንደኛ ማርሽ ነበር የምገባው» አለች ደራርቱ። «እሱም ከእኔ ኋላ ይዳክር ነበር።»

«ድንጋዩ ነበረ። ሰዒድ አልዋሸም፤ እዚያ ማዶ አሥራ አንዱንም አግኝቻቸዋለሁ። የቸኮለ ሰው ቢሆን መንገዱን የዘጋበትን አንዱን ገፍቶ ያልፍ ነበር። ይህኛው ሰው ግን አሥራ አንዱንም ተሸክሞ ቦይ አሻግሯል። እንዲህ የሚያደርገው ሾፌሮች ትተውት በሚሄዱት ድንጋይ ሰው የሞተበት ነው። ከዚያ ፒካፑን ነድቶ ሰዒድ አጠገብ ሲደርስ ቀስ አለ፣ ጥሩምባ ነፋ፣ ሄደ። ጎማው ላይ ነጭ ጭቃ ነበረበት። በዚህ አገር በድርቅ ነጭ ጭቃ የሚረግጠው የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን አጠገብ የሚቆም መኪና ነው። ዲቾቶ ያሉት ቆፋሪዎች ደግሞ የዚያን ቀን አለቃችን የመጣው አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው ብለውኛል።»

ሁሉም ወደ አብዮት ዞሩ። ኮከብ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከሰባት ዓመት በፊት ወንድምህ ዓቢይ እዚሁ መንገድ ላይ በሞተር ሳይክል ሲሄድ የተተወ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሞተ። መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የድንጋዩን ባለቤት ማግኘት ስላቃተኝ ላጽናናህ ብዬ አንድ ነገር ነገርኩህ። ካለፉት ሾፌሮች አንዱ እንኳ ወርዶ አንስቶት ቢሆን ኖሮ ወንድምህ ይተርፍ ነበር አልኩህ። መዝገቡን እስካወጣሁበት ድረስ ያንን እኔው ራሴ ረስቼው ነበር።»

አብዮት ዓይኑን ከቦዩ ማዶ ወዳሉት ድንጋዮች መለሰ። ከዚያ ቁመቱ ያጠረ መሰለ።

«እኔ ረስቼው አላውቅም» አለ። «ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ድንጋይ አይቼ አላለፍኩም። ዙሪያውን አየሁ፤ የቆመ መኪና የለም። ትተውት የሄዱ መሰለኝ። አንስቼ ጥምዙን ስወጣ ተሳቢውን አየሁት። ጥሩምባ ነፋሁ። ሰውዬው ቁልፍ አወዛወዘ፤ የገባው መሰለኝ። መሰለኝም አልልም፤ እንዲመስለኝ ፈለግኩ። ቆፋሪዎቹ እየጠበቁኝ ነበር።»

ሮማነወርቅ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራመደች። «ቤቴ ሦስት ቀን ተቀምጠህ አብረኸኝ አለቀስክ» አለችው።

«ለቅሶዬ የእውነት ነበር።»

«እሱን አውቃለሁ» አለች። «የባሰብኝም እሱ ነው።»

ፖሊሱ የሰዒድን ካቴና ፈታ። ሰዒድ የእጁን አንጓ እያሻሸ ብዙ ቆየ፤ ሰው ሁሉ ይሰድበዋል ብሎ ሲጠብቅ እሱ አብዮትን እንደ ታናሽ ወንድም ነው ያናገረው።

«በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ድንጋዬን ሳላነሳ ሄጄ አላውቅም» አለ። «እዚያ ክፍል ውስጥ ሌሊት ሌሊት ደግሜ ደጋግሜ እደረድራቸው ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ። በአምስተኛው ሌሊት መደርደሬን ራሴም ተጠራጠርኩ። ሰውዬውን በእርግጥ የገደልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ማሳሰርህ ሳያንስ በራሴ ላይ ያለኝን እምነት ልትወስድብኝ ነበር። አላህ ይቅር ይበልህ፤ እኔ ገና አልቻልኩም።»

አብዮት ወደ ፖሊስ መኪናው ገባ። ኮከብ ራሷ እየነዳች ወደ ሰመራ ይዛው ተመለሰች፤ ከኋላ አንድ ፖሊስ አጠገቡ ተቀምጧል። ሜዳው ላይ ሙቀቱ እንደ ውሃ ይርገበገባል። ሎጊያ የሚያድሩ ከባድ መኪኖች በሰልፍ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ሲያልፍ የኮከብ እግር ሳታስበው ወደ ፍሬኑ ይሄድ ነበር። ከተማዋ መታየት ስትጀምር አብዮት ከኋላ ተናገረ።

«ኢንስፔክተር፣ አንቺ ነገር ትለኪያለሽ። ተሳቢውን እንዳየሁ ዞሬ ተመልሼ ድንጋዮቹን በቦታቸው ባደርግ ስንት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር?»

ኮከብ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለክታዋለች፤ አሥራ አንዱንም ተሸክማ፣ ሰዓቷን ይዛ። ባይጠይቃት ትመርጥ ነበር። ይህንን ሰው አንድ ጊዜ ላጽናና ብላ ያደረሰችውን ጉዳት አሰበችና እውነቱን ነገረችው።

«አራት ደቂቃ» አለችው። «ከአሥሩ ስድስት ይተርፍህ ነበር።»