ማሽኖቹ ዝም ያሉ ቀን

በሽመናው አዳራሽ ማንም በአፉ አያወራም ነበር። ማሽኖቹ አንዴ ከተነሡ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማህም። ስለዚህ ሐሜቱም፣ ቀልዱም፣ ስድቡም በእጅ ነበር። ጣት ወደ ደረት «እኔ» ነው። ወደ ታች የተጫነ መዳፍ ደግሞ «ቆይ፣ አትሂድ» ነው።

አንዲት ሸማኔና የማሽኖቹ መካኒክ የተዋደዱት በዚሁ ነው። የተበጠሰ ቀበቶ ሊቀይር ይመጣና ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ በቅባታም ጣቶቹ ያላግጥባታል። እሷም ሳቋን ውጣ በእጇ ትመልስለታለች። ሁለቱም ምላሰኞች ነበሩ፣ በእጅ ከሆነ።

ችግሩ አባቷ ነው። የክፍሉ ካቦ ነበርና «ልጄን ለቅባታም አልሰጥም» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነበር።

ፋብሪካው የከሰረ ዕለት አባቷ ራሱ ማብሪያውን አወረደው። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሠራተኛው የሚያደርገው ጠፍቶት ባለበት ቆመ፤ የአንዱ ሳል እስከ ዳር ድረስ ይሰማል። መካኒኩ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«ሌላ ከተማ ሥራ ተገኝቶልኛል» አላት፣ በአፉ። «ልሂድ ወይስ ልቅር?»

አባቷ ከኋላዋ ቆሟል። የሰው ሁሉ ጆሮ እነሱ ላይ ነው።

«እንዳሻህ» አለች።

አፏ ይህን ሲል እጇን ግን ሽርጧ ላይ አውርዳ መዳፏን ወደ ታች ተጫነች። ደግማም ተጫነች። አባቷ ከኋላ ሆኖ አያይም፤ መካኒኩ ግን ፊት ለፊቷ ነበር። ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ለምኜው ጥሎኝ ሄደ አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሷ ግን ነቀዘ። ሊያገቧት የመጡትን ሁሉ መለሰች፣ አባቷንም ቀበረች፣ ቂሟን ግን ይዛው ቀረች።

ባዶውን አዳራሽ እርግብ ሲወርሰው ኖሮ በመጨረሻ የባህል ማዕከል እናደርገዋለን የሚሉ ሰዎች መጡ። ጣሪያውን አደሱ፤ ማሞቂያ ክፍሉን የመጻሕፍት መደብር፣ አዳራሹን የሙዚቃ መድረክ አደረጉት። አንድ ማሽን ብቻ በገመድ አጥረው አስቀሩና እሷን ለጎብኚ እንድታስረዳ ቀጠሯት። ዩኒፎርሟም ያው የድሮው ሽርጥ ሆነ።

«ጸጥታው እንዴት ደስ ይላል!» ይሏታል ጎብኚዎቹ።

«ለእናንተ ነዋ» ትላለች።

የሙዚቃ መድረኩ በተመረቀበት ቀን መካኒኩም መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል። አንዲት ደርባባ ሴት ክንዱን ይዛለች።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና። እሳቸው…?»

«ባለቤቴ ናት።»

 እሱ ከገመዱ ወዲያ፣ እሷ ከገመዱ ወዲህ ቆመው ተያዩ።

ያኔ መድረኩ ላይ የሙዚቃ ባንዱ መጫወት ጀመረ። ድምፅ ማጉያው ግድግዳውን አንቀጠቀጠው፤ አዳራሹ እንደ ድሮው ሆነ። ሚስቱ ወደ መድረኩ ዞረች። የመካኒኩ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ለምን ሸኘሽኝ?»

ጣቶቿ ምንም አልረሱም ነበር። «እኔ? ቆይ ነው ያልኩህ። ያን ቀን። በእጄ።» መዳፏን ሽርጧ ላይ አውርዳ ልክ እንደዚያን ቀን ተጫነች።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ዓይኑን ጠቆመና ራሱን ነቀነቀ። አላየሁም። ቀጥሎ ወደ አፏ ጠቆመ፣ ወደ ጆሮውም። ድምፅሽ እንደዚያ ጥርት ብሎ ተሰምቶኝ አያውቅም ነበር፤ አፍ አፍሽን ነበር የማየው።

ያን ሁሉ ዘመን የያዘችው ቂም በዚያች ቅጽበት ከእጇ ወጣ። ቂሙ ይሻላት ነበር። አሁን በምን ትጽናና?

ሙዚቃው አበቃ፤ ሰው አጨበጨበ።

«እንሂድ እንግዲህ?» አለች ሚስቱ፣ ክንዱን ሳብ አድርጋ።

አልተንቀሳቀሰም። ይህን ጊዜ የሸማኔዋን አፍ አላየም፤ እጇን ነበር የሚያየው፣ ብቻ እጇን።

እሷ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላዋ አድርጋ አንዱን በአንዱ አጥብቃ ያዘችው።

«በሰላም ግቡ» አለች፣ በአፏ።