በአንድ መስመር የተሰረዘ

እናቴ ለእኔ ነገር ሁሉ አንድ መልስ ነው ያላት። ብቆጣም፣ ባለቅስም፣ ሳቄ አልቆም ቢለኝም «ስኳርሽ ወርዶ ነው» ትላለች። አክስቴ ያመጣችልኝን ሰው አላገባም ባልኩ ዕለት እንኳ አልተከራከረችኝም፤ ስኳር በውሃ በጥብጣ አቀረበችልኝ። በዐሥራ አንድ ዓመቴ የስኳር ሕመም ከያዘኝ ወዲህ ንዴቴም ደስታዬም የራሴ ሆኖ አያውቅም።

ስኳር ድንገት ሲወርድ በአፍንጫ የሚሰጥ አዲስ የዱቄት መድኃኒት ሆስፒታል ውስጥ ሊሞከር ነው ሲባል፣ የልብስ ስፌት ሱቄን ለአራት ማክሰኞ ዘግቼ ተመዘገብኩ።

ቅጹን የሚሞላው ወጣት ፋርማሲስት ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን ክብደቴ ላይ ዐሥር ኪሎ ጨመረብኝ።

«ምን አደረግኩህ?» አልኩት። «በል ቶሎ አጥፋው።»

«እኛ ዘንድ የተጻፈ አይጠፋም» አለ አፍሮ። «በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ምክንያቱ አጠገቡ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል።» እንዳለውም አደረገ።

በየማክሰኞው ስኳሬን ሆን ብለው ቀስ እያደረጉ ያወርዱታል፤ ከዚያ ዱቄቱን ይሰጡኝና ነርሷ በየአምስት ደቂቃው ደም ትቀዳለች። እሱ ደግሞ መንቃቴን ለማወቅ ይጠይቀኛል።

«ዛሬ ቀኑ ማነው?»

«ማክሰኞ።»

«ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪልኝ።»

«እሱንማ ደህና ሆኜም አልችለው።»

ሳቁን ሊደብቅ ቅጹ ላይ አቀረቀረ። በሦስተኛው ማክሰኞ የጋውኑ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየሁና ሥራ ሳይጀመር ሰፋሁለት። ክሩን በጥርሴ ስበጥስ ትንፋሹን ይዞ ቆመ።

በአራተኛው ማክሰኞ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የግድግዳው ሰዓት መንታ ሆኖ ታየኝ። ዱቄቱን ከሰጡኝ ሩብ ሰዓት በኋላ ነርሷ ደም ቀድታ ወደ ላብራቶሪ ሄደች። መንታ የነበረው ሰዓት ተመልሶ አንድ ሆኗል። የሰፋሁት ቁልፍ ቦታው ላይ ነው።

«ምን ይሰማሻል?» አለ እንደ ደንቡ።

«እወድሃለሁ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ያለውን የመጨረሻ ውጤት ተመለከተ፤ ዱቄቱን ሳልወስድ የተለካ፣ በጣም የወረደ አርባ ስድስት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የተቀዳው ገና ከላብራቶሪ አልመጣም። ቀስ ብሎ ጻፈ። በተገላቢጦሽም ቢሆን አነበብኩት፦ «ግራ መጋባት»።

እናቴ ነጭ ጋውን ለብሳ የመጣች መሰለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ የቀረውን ጥያቄ በአጭር በአጭሩ መለስኩ፤ ሲለቁኝ ደህና ሁን እንኳ ሳልለው ወጣሁ።

ሁለት ወር ድምፁ ጠፋ። አዘንኩ፤ ሥራ እጄ ላይ አልሄድ አለ። እናቴ ብርጭቆዋን ይዛ ስትመጣ ሳልከራከር ጠጣሁላት።

አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ የቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ቀና ስል ፋርማሲስቱ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጥናቱ ትናንት ተዘጋ» አለ። «እስኪዘጋ ድረስ ተሳታፊን ከሥራ ውጭ ማነጋገር አይፈቀድልንም። ቀን ስቆጥር ነበር።»

«ግራ የተጋባች ሴት ምን ታደርግልሃለች?»

ፖስታ ሰጠኝ። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የራሱ መዝገብ ቅጂ በፖስታ ቤት ይላካል፤ የእኔን ራሱ ይዞት መጥቷል። የመጨረሻውን ገጽ አወጣሁ። «ግራ መጋባት» የሚለው ቃል በአንድ መስመር ተሰርዟል። አጠገቡ በዚያች ደቃቃ ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል፦ «ስህተት። በዚያው ደቂቃ የተቀዳው ደም ውጤት ዘጠና አራት። ተሳታፊዋ ሙሉ ንቃት ላይ ነበረች።» ፊርማ፣ ሰዓት። የታረመው ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ነው፤ ያኔ እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር።

«ያልኩትስ የታል?» አልኩ።

«እሱን አልጻፍኩትም። ለእኔ አስቀረሁት።» ከዚያ «ዛሬስ ምን ይሰማሻል?» አለኝ።

እጄ በልማድ ወደ መሳቢያው ሄደ፤ የስኳር መለኪያዬ እዚያ ነው። እጄን ያዘኝ።

«ተይው» አለ። «ሳትለኪም አምንሻለሁ።»

ደግሜ ነገርኩት። እሱም ነገረኝ።

ማታ ቤት ስገባ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እናቴ አይታኝ ወደ ስኳሩ ጣሳ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ተወችውና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ማነው?» አለችኝ።